ነሐሴ አሥራ ስድስት ጎተራ የከፈተው ሰው

የሰውዬውን ስም አልጽፍም። ለጨዋነት ብዬ እንዳይመስላችሁ። ስሙ እስከ ዛሬ ብዙ ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ከነዚያም አንዱ የእኔ ወረቀት ነበር። ይበቃዋል። እዚህ «ዶክተሩ» እለዋለሁ።

የእኔን ስም ግን እጽፋለሁ። ይታይሽ እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት የቤተ ሙከራ ረዳት ሆኜ ጠርሙስ አጥቤያለሁ። ሰባት ርእሰ መምህራን ተፈራርቀውብኛል፤ አምስቱን አልወዳቸውም፣ ስድስተኛውን ገና እያሰብኩበት ነው። ጡረታ ስወጣ ብርድ ልብስ ሸለሙኝ። ትከሻ ሲሸፍን እግር የሚገልጥ ብርድ ልብስ ነው። እሱንም አልረሳሁም። ጎረቤቶቼ «ይታይሽ ቂመኛ ናት» ይላሉ አሉ። እኔ የማስታወስ ችሎታዬ ጥሩ ነው እላለሁ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ ሦስት ቀን ብቻ። ከዚያ በፊት የነበረችውን ይታይሽ ብታገኟት ኖሮ ሰላምታ መልሳላችሁ በሩን ትዘጋ ነበር። ከተከራይ ጋር እንኳ ውኃና መብራት ካልሆነ በቀር አላወራም ነበር።

ተከራዬ ማስተዋል ትባላለች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቤተሰቦቿ ጅጋ አጠገብ ገጠር ውስጥ ገበሬዎች ናቸው። በየሁለት ሳምንቱ ስንቋን ተሸክማ ትመጣለች። ዝምተኛ ልጅ ስለሆነች ነበር ያከራየኋት፤ ዳሩ ግን ስልኳ ዝምተኛ አልነበረም። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጭቃ ነው። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ናሆም የሚባል ወጣት ድምፁን ይልክላታል። «ማስቱ፣ ጎበዝ! አሁንም ሰፍቷል። አጥብቢው!» ይላታል። ስምንት ወር ሙሉ «አጥብቢው» ሲል ሰማሁ። ቀሚስ የምታሰፋ መስሎኝ ነበር።

ለካስ የሚጠበው የጥናት ጥያቄዋ ነው። በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሙት ፕሮግራም አለ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከራሱ አካባቢ አንድ ጥያቄ ይመርጣል፣ አንድ አማካሪ ይመደብለታል፣ ወራት ፈጅቶ የራሱን ጥናት ይጽፋል። በመጨረሻ ቡሬ ላይ አዳራሽ ውስጥ በሦስት ፈራጆች ፊት ቆሞ ያስረዳል። ያለፈው በተማሪዎች መጽሔት ላይ ይታተማል፤ ያላለፈው ድካሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛ ዕድል የለም። ናሆም አማካሪዋ ነው።

ይህን ያወቅሁት ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ማስተዋል የታተመ ወረቀት ይዛ በሬን አንኳኳች።

«እትዬ ይታይሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ትምህርት ቤት ሠርተዋል ሲሉ ሰምቼ ነው። ይሄ እንግሊዝኛ እየከበደኝ...»

«ጠርሙስ አጣቢ ነበርኩ» አልኳት።

«ቢሆንም ከእኔ ሳይሻሉ አይቀሩም።»

ልጅቷ ብልህ ናት። ተቀበልኳት። መነጽሬን አድርጌ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። በቆሎ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ሲቀመጥ ነቀዝ ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ በጅጋ አካባቢ በአሥራ ሁለት ጎተራዎች ላይ የተደረገ ጥናት ይላል። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ ሰባተኛው ጎተራ በከብት ተገፍቶ በመፍረሱ ከጥናቱ ወጥቷል ይላል።

ወረቀቱን አስቀመጥኩት።

«አመመዎት እንዴ እትዬ?»

«ፊደሉ ደቀቀብኝ።»

«የእኔም ጥናት ይሄው ነው እኮ፤ የበቆሎና የጤፉ። እናቴ እንዲያ ነው የምታስቀምጠው። ናሆም 'ከአንቺ በፊት ማን እንዳጠናው ፈልጊ' ሲለኝ ፈልገን ፈልገን ያገኘነው ይሄን አንድ ብቻ ነው። ያጠኑት ትልቅ ሰው ናቸው አሉ። ቅዳሜ ደግሞ ዋናው ፈራጅ እሳቸው ናቸው!»

ደስ ብሏታል። እኔ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። ሁለተኛም ጠጣሁ። «ነገ ነይ» ብዬ በሬን ዘጋሁ።

አሁን ያኔ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ለሰው ሳወራው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሥራ የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጅጋ አጠገብ ወዳለችው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። የአክስቴ በቆሎ ከጎረቤቷ ያነሰ ነቀዝ እንደሚበላው አየሁ። ጎረቤቷ በቆሎውን ብቻውን ነው የሚያስቀምጠው፤ እሷ ጤፍ ትቀላቅልበታለች። እርግጥ ይሁን አይሁን ለማወቅ ማንም ቁጠሪ ሳይለኝ መቁጠር ጀመርኩ። ሐምሌንና ነሐሴን፣ ስድሳ ቀን፣ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ጎተራ እየዞርኩ ከእያንዳንዱ መቶ ፍሬ አወጣለሁ፤ የተበሳውን ቆጥሬ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ፍሬውን እመልሳለሁ። ሰዎቹ «የይታይሽ ነገር» እያሉ ይስቃሉ፤ ግን ይከፍቱልኛል።

በበዓል ቀን ብቻ አይከፍቱም። ሐምሌ ሰባት ጠዋት አያ ሙሉ ደጅ ቆምኩ። አያ ሙሉ አምስት ጎተራ ያላቸው፣ ቁጡ፣ ደግ ሽማግሌ ነበሩ።

«ዛሬ ሥላሴ ነው» አሉኝ።

«እህል አልወስድም አያ፤ ቆጥሬ እመልሳለሁ።»

«መቁጠር ሥራ አይደለም?»

«ጣት ብቻ ነው እኮ።»

«ሰዉ በሐምሌ ሥላሴ ማረሻ ሳይነካ፣ አንቺ ጎተራ ከፍተሽ ነቀዝ ስትቆጥሪ በረዶ ቢወርድ የማን በቆሎ ነው የሚረግፈው? የአንቺ? አንቺማ ደመወዝተኛ ነሽ!»

ተመለስኩ። አክስቴን ለምኜ የእሷን ክዳን እንድታነሳልኝ አደረግኳት፤ ግን እጄን ሳልሰድ ፈርታ መለሰችው። በሦስተኛው ቀን በረዶ ወረደ። ክዳኑ መነሳቱን ከእኔና ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም፤ አክስቴ ግን ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። በአጋጣሚ ነው እላለሁ። ቢሆንም ሁለተኛ አልሞከርኩትም። ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር በደብተሬ ላይ ባዶ ቦታ ትቼ በጎኑ «ሥላሴ፤ አልተከፈተም»፣ «ገብርኤል፤ አልተከፈተም»፣ «እሑድ» እያልኩ እጽፍ ነበር። ከስድሳው ቀን ሃያ ሦስቱ ባዶ ነው።

ሰባተኛውን ጎተራ ያፈረሰው የአያ ሙሉ ቀይ በሬ ነው። ጎኑን ሊያክክ ተደገፈው፤ ጎተራው ተገለበጠ፤ ከዚያ ዞሮ በቆሎውን በላው። ጥናቴን የበላ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነበር።

ሁለተኛው በመስከረም በሞተር ሳይክል መጣ። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ልጅ ነበር፤ ለጥናቱ ርእስ ፍለጋ ገጠሩን ሲዞር ትምህርት ቤታችን ደረሰ። ደብተሬን አሳየሁት። ቆሞ አንብቦ አንብቦ ተቀመጠ።

«ይታይሽ፣ ይሄ እኮ ጥናት ነው! በንጹሕ ገልብጪልኝ፤ እኔ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ። አብረን እናሳትመዋለን፣ በሁለታችን ስም።»

መገልበጡ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የበሬውን ታሪክ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ንጹሑን ግልባጭ ይዞ ሄደ፤ የእርሳሱ ደብተር እኔ ጋ ቀረ። ከዓመት ከምናምን በኋላ አንድ መምህር ከአዲስ አበባ መጽሔት ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የእሱ ስም አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ለአንዲት የአካባቢው ረዳት ምስጋና ይድረስ» ይላል።

አንዲት ረዳት! በሬው እንኳ በገባበት ጽሑፍ ላይ እኔ ስም የለኝም። መካከሉን ለማንበብ ዓይኔ አልቻለም፤ መጽሔቱን መለስኩለት። ደብተሬን ሣጥን ውስጥ ከታች ከተትኩት። ያን ጊዜ የከተትኩት ደብተሩን ብቻ እንዳልነበረ ለሰውም ለእኔም የገባን ዘግይቶ ነው።

ዓርብ ጠዋት ማስተዋል ስትመጣ ፊቷ ተለውጧል። በአንድ እጇ የእሱን ወረቀት፣ በሌላው የራሷን ሠንጠረዥ ይዛለች።

«እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። የእኔ ላይ ከስድሳው የክረምት ቀን አሥራ ዘጠኙ ጎድሏል። የእሳቸው ላይ አንድ ቀን አልጎደለም። ስድሳውም ቀን ሞልቷል!»

«ለምን ጎደለብሽ?»

«በዓል ነዋ! አባቴ እንኳንስ የሰው፣ የራሱን ጎተራ አልከፍትም አለኝ። ናሆምን ብጠይቀው 'ሚሲንግ ዳታ ከሆነ ምክንያቱን ጻፊ' አለኝ። ግን እሳቸው ሳይጎድልባቸው እኔ 'በዓል ነበር' ብል ሰነፍ አልባልም?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የፊቱንና የኋላውን ቀን ደምሬ ለሁለት ባካፍለውስ ብዬ አሰብኩ። ማን ያውቃል?»

አያችሁ? አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስምንት ወር ለፍታለች፤ ፈራጆች ፊት ልትቆም አንድ ሌሊት ቀርቷታል።

«የእሱን ሠንጠረዥ አምጪው» አልኳት። ሠንጠረዡን ሳየው በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ጣቴን በሦስተኛው ጎተራ መስመር ላይ አደረግሁ። «ሐምሌ ስድስት ስንት ይላል?»

«አሥራ አንድ።»

«ስምንትስ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ሐምሌ ሰባት፣ ሥላሴስ?»

«አሥራ ሁለት» አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«ሐምሌ አሥራ ስምንት?»

«ሃያ ሁለት። ሃያ ላይ ሃያ አራት። አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል ቀን...» ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለች። «ሃያ ሦስት።»

«ነሐሴ አሥራ አምስትና አሥራ ሰባት?»

«ሠላሳ ስምንትና አርባ አንድ።» ጣቷን በመካከላቸው አሳረፈች። «እትዬ! ነሐሴ አሥራ ስድስት ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ይላል!»

«የሚቆጠረው ምንድን ነው?»

«የተበሳ ፍሬ።»

«ታዲያ ግማሽ ፍሬ እንዴት ይበሳል?»

መጀመሪያ እሷ ሳቀች። ከዚያ እኔ። መቼ እንደሳቅሁ ስለማላስታውስ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ሳቁ ሲበርድ ሣጥኑን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁና ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ሐምሌ ሰባት፤ ባዶ። «ሥላሴ፤ አልተከፈተም።» ነሐሴ አሥራ ስድስት፤ ባዶ። «ፍልሰታ፤ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ናቸው።»

ረጅም ጊዜ አገላበጠችው። «የእርስዎ ነው» አለች። መጠየቅም አላስፈለጋት።

እኔ ግን አእምሮዬ ቡሬ ደርሶ ነበር። አዳራሹ ይሞላል፤ እሱ ከፊት ይቀመጣል፤ እኔ እነሳለሁ። ምን እንደምለብስ ጭምር ወሰንኩ። ይህንኑ ነገርኳት።

ማስተዋል ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ። «እትዬ፣ አይቆጡኝ። ነገ እኮ የእኔ ቀን ነው። ጠብ ከተነሳ የእኔን በቆሎ ማን ያስታውሰዋል? እሳቸው ፈራጅ ናቸው። ቢናደዱና ቢጥሉኝስ?»

ተቀየምኳት። ከተቀየምኳቸው ሰዎች ሁሉ በአጭር ጊዜ ቂም መዝገቤ ውስጥ የገባችው እሷ ናት። ግን ልክ ነበረች።

«እሺ» አልኳት። «አፌን እዘጋለሁ። አንቺም ባዶውን ባዶ አድርገሽ ትተዪዋለሽ።»

«እተወዋለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ደብተሩን በነጠላዬ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። አፌን እዘጋለሁ አልኩ እንጂ ባዶ እጄን እሄዳለሁ አላልኩም። ማንኩሳን ስናልፍ አጠገቤ የተቀመጠው ገበሬ ነጠላውን አየና «የሚሰበር ነገር ነው እናቴ?» አለኝ።

«የሚሰብር ነው» አልኩት። ማስተዋል በክርኗ ጎሰመችኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተማሪዎች፣ ወላጆች፣ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ አንድ ቄስ የሴት ልጃቸውን ጥናት ሊሰሙ ከሽንዲ መጥተው ከፊቴ ተቀምጠዋል። ናሆም በስክሪን ይከታተላል፤ ኔትወርኩ ሲያዘው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀራል። ፈራጆቹ ሦስት ናቸው፤ አንዲት ወጣት መምህርት፣ አንድ ጸጥ ያለ ሰውዬና በመካከላቸው ዶክተሩ። ሸብቷል፤ መነጽሩን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሲገባ በእኔ በኩል አለፈና በትሕትና ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ እናቴ» አለኝ።

እናቴ! በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ይህንንም መዘገብኩት።

ማስተዋል ስሟ ተጠርቶ ወጣች። መጀመሪያ ድምፅዋ ጠፋ፤ ከዚያ ስለ እናቷ ጎተራ መናገር ስትጀምር ተስተካከለ። ጤፉ በበቆሎው መካከል ያለውን ክፍተት እንደሚሞላ፣ ነቀዙ መላወሻ እንደሚያጣ፣ በጣሳ ውስጥ ሞልታ ሳይቀር አሳየች። ሰው ሰማት። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠንጠረዡ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ባዶዎቹ እንደ ጎደለ ጥርስ ታዩ።

ዶክተሩ መነጽሩን አደረገ። «ጥሩ ነው ልጄ። ግን እነዚህ ክፍተቶች ምንድን ናቸው?»

«በዓል ነበር ጌታዬ። ጎተራ አልተከፈተም።»

ከተማሪዎቹ የሳቁ ነበሩ።

«ሳይንስ በዓል አያውቅም» አለ ለስለስ ብሎ፤ ያ ለስላሳነቱ ነው የሚያናድደኝ። «እኔ በዚሁ አካባቢ፣ በዚሁ ጉዳይ፣ ስድሳ ቀን ያለ ማቋረጥ ቆጥሬያለሁ። ጽሑፌን አንብበሻል መሰለኝ። ተመራማሪ ገበሬውን ማሳመን መቻል አለበት። ሲሶ ያህል ዳታ የጎደለው ጥናት... እንደሚያልፍ እርግጠኛ አይደለሁም።»

የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩት። ቃል ገብቻለሁ። ማስተዋል ወለሉን ታያለች። «አልቅሺና ይውጣልሽ፣ እንደ እኔ አትሁኚ» እንዳልላት ሩቅ ናት። እመኑኝ፣ በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ ያን ጊዜ ያልተናገርኩት ይከብዳል።

ከዚያ ልጅቷ ቀና አለች። የተመለከተችው እሱን አልነበረም።

«እትዬ ይታይሽ፣ ደብተሩን ይዘውታል?»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ተነሳሁ። ሠላሳና አርባ ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንድ ቃል እንኳ አልመጣልኝም። የመጣልኝ ጥያቄ ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ባላውቅ ያርሙኝ። ነሐሴ አሥራ ስድስት ጎተራውን የከፈተልዎ ማን ነው?»

«ገበሬዎቹ ናቸዋ።»

ከፊቴ ያሉት ቄስ ቀስ ብለው ዞሩ። «ነሐሴ አሥራ ስድስት? በፍልሰታ?» አሉ። «በፍልሰታ ጎተራ ከፍቶ ነቀዝ ያስቆጠረ ሰው በእኛ አገር ቢኖር ኖሮ፣ ስሙን እስከ ዛሬ ባልረሳነው ነበር።»

ወላጆች በአንድ ጊዜ ሳቁ። የተማሪዎቹ ሳቅ አልነበረም፤ የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው።

«ደግሞ» አልኩ፣ «በዚያ ቀን ሦስተኛው ጎተራ ላይ የተበሳው ፍሬ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነው ይላል። ያ ግማሹ ፍሬ ምን ሆኖ ነው? ነቀዙ ጀምሮት በዓሉን አስታውሶ ተወው?»

ወጣቷ መምህርት አፏን በእጇ ያዘች። ወረቀቱን ገልጣ ስልኳ ላይ መደመርና ማካፈል ጀመረች። ናሆም በስክሪኑ ላይ «ምንድን ነው የሆነው? ድምፅ አይሰማኝም!» ይላል።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። እኔን አየ፤ ነጠላዬን አየ፤ ከነጠላው የወጣውን የደብተር ሽፋን አየ። እኔም የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ እንደሚዋሽ እርግጠኛ ነበርኩ፤ እንዲዋሽም ፈልጌ ነበር።

«ሰባተኛውን ጎተራ ያፈረሰው የማን ከብት ነው?»

«የአያ ሙሉ በሬ ነው» አለ። ድምፁ ወርዷል። «ቀይ በሬ። ጎኑን ሊያክክ ተደግፎት ነው። እኔ አላየሁትም። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፣ ይታይሽ።»

እንዲህ አድርጌ ጠልቼው አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ያስቀመጥኩትን ድል በአንድ እውነት ነጠቀኝ። ቢክድ ኖሮ ደብተሩን ገልጬ አዋርደው ነበር። ያልካደን ሰው ምን ያደርጉታል?

ወረቀቶቹን ሰብስቦ ተነሳ። ለሁለቱ ፈራጆች «በዚህ ጽሑፍ ላይ እኔ መፍረድ አይገባኝም» አላቸው። ወርዶ ከኋላ፣ ከወላጆች መካከል ተቀመጠ። ሁለቱ ተንሾካሾኩ። ወጣቷ መምህርት ደብተሬን ጠየቀችኝ፤ ከማስተዋል ሠንጠረዥ ጎን አድርጋ ገጽ በገጽ አየችው። ሁለት ክረምት፣ ሁለት ልጆች፣ ባዶዎቹ ቀናት ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው።

«ማስተዋል» አለች በመጨረሻ፣ «ጽሑፍሽ አልፏል። ማስተካከያ አለሽ፤ ስለ በዓላቱ አንድ ክፍል ጨምሪበት። ይህን ደብተርም ባለቤቱ ከፈቀዱልሽ አነጻጽሪበት። እነዚህን ባዶዎች ግን እንዳትነኪያቸው።»

ማስተዋል መድረኩ ላይ ቆማ አለቀሰች። ናሆም አፉን እንደከፈተ በስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀርቷል፤ ለደስታው የሚመጥን መልክ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ይቅር ማለትን ተማርኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተማርኩም። የተማርኩት ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥሮቼን የሰረቀኝ ይመስለኝ ነበር። ቁጥሮቹንማ ወስዷል፤ ያጋለጡት ግን ያልቆጠርኳቸው ቀናት ናቸው። አያ ሙሉ ደጅ ላይ ተቆጥተው የመለሱኝ ቀን፣ አክስቴ ፈርታ ክዳኑን የመለሰችበት ቀን። እነሱን መውሰድ አልቻለም፤ እዚያ አልነበረማ። እኔ ግን ደብተሩን ከነሰዎቹ፣ ከነሳቁ ሣጥን ውስጥ ዘጋሁበት። ያን ያደረገው እሱ አይደለም። ይህንን መጻፍ አልወድም፤ ጻፍኩት።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ሴት ልጆች ግቢዬ ይመጣሉ። አንዷ ስለ በርበሬ መድረቅ፣ አንዷ ስለ ምንጭ ውኃ ልታጠና ትፈልጋለች። «አሁንም ሰፍቷል፤ አጥብቢው!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ጎረቤቴ ልብስ ስፌት ጀመረች ብላ አስወርታለች። ይህችንም መዝግቤያታለሁ።

መጽሔቱ ታትሞ መጣ። ማስተዋል ገጹን ገልጣ አሳየችኝ። ሁለት ሠንጠረዥ ጎን ለጎን፣ ባዶዎቹ እንደ ባዶ፤ ከሥር «ይታይሽ፣ የመስክ ደብተር» ይላል። አነበብኩት፣ አጣጥፌ መለስኩላት፤ ከዚያ መልሼ ጠየቅኋት።

ከዶክተሩም ደብዳቤ መጥቷል። በእጅ የተጻፈ ነው፤ ይቅርታ ይላል፤ ረጅም ነው፤ በደንብ የተጻፈ ነው፤ ይህም ያናድዳል። ማስተዋል በየሳምንቱ «መለሱላቸው እትዬ?» ትለኛለች። አልመለስኩም። ልቤ ጨክኖ አይደለም። ለመመለስ ብዕር ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ቀኑን እጠይቃለሁ፤ አንድ ቀን ሚካኤል ይሆናል፣ አንድ ቀን ማርያም፣ አንድ ቀን ባለ እግዚአብሔር። ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ሥራ ነው። በረዶ ላወርድ ነው እንዴ?